ርጭቱ ለዛፉ ነው ወይስ ለዓይናችን?

(አትክልተኛው በአዲስ አበባ የመኖሪያ ግቢዎችን አትክልት እየተዘዋወረ የሚንከባከብ ወጣት ነው። ባለሙያዋ የሥራ ዘመናቸውን በዕፅዋት ጥበቃ ያሳለፉ ጡረተኛ ናቸው።)

አትክልተኛው፦ እትዬ፣ አንድ ደንበኛዬ ግቢ ውስጥ ያለው የፈረንጅ ጥድ አጥር ቡናማ እየሆነበት ነው። በሩ አጠገብ ደግሞ ሁለት ቦትል ብራሽ አሉት፤ ቅጠላቸው ጥላሸት የተቀባ ይመስላል፤ ከሥራቸው የሚያድረው መኪናም ጠዋት ጠዋት ተጨማልቆ ይገኛል። «ጠንከር ያለ ነገር አምጥተህ አንዴ ርጭልኝና ልገላገል» ብሎኛል። ምን ልግዛለት?

ባለሙያዋ፦ ተባዩን አይተኸዋል?

አትክልተኛው፦ ተባዩን እንኳ ቀርቤ አላየሁትም። ግን ዛፉ መታመሙ ያስታውቃል።

ባለሙያዋ፦ መታመሙንማ ሳላየውም አመንኩህ። ምን እንደያዘው ነው የጠየቅሁህ። ጥዱ ቡናማ የሆነው ከየት ጀምሮ ነው? ከጫፉ ነው ከውስጡ? አጥሩ በሙሉ ነው ወይስ እዚህም እዚያም?

አትክልተኛው፦ እዚህም እዚያም ነው። ከታች በኩል ይብሳል።

ባለሙያዋ፦ ከታች፣ በተለይ ማዕዘኑ ላይ ከሆነ ውሻ አላቸው ወይ ብለህ ጠይቅ። ውሻ እየተመላለሰ የሚሸናበት ጥድ ይቃጠላል። ሁለተኛው መቀስ ነው። የፈረንጅ ጥድ አረንጓዴው ካለቀበት አልፈህ እስከ ደረቁ እንጨት ከቆረጥኸው መልሶ አያቆጠቁጥም፤ ቦታው ባዶ ሆኖ ይቀራል። ሰው አጥሩ ወፈረብኝ ብሎ ጠልቆ ያስቆርጥና ቆይቶ «በሽታ ገባበት» ይላል። ግንብ ሲሠራ ሥሩ ላይ የተደፋ ሲሚንቶም አለ። ለእነዚህ ሁሉ የትኛውም ፀረ-ተባይ አንዲት ቅጠል አያተርፍም። ገንዘቡ ይወጣል፣ መርዙ ግቢው ውስጥ ይቀራል፣ ጥዱም መድረቁን ይቀጥላል።

አትክልተኛው፦ ተባይ ከሆነስ በምን አውቀዋለሁ?

ባለሙያዋ፦ ነጭ ወረቀት ከቅርንጫፉ ሥር ዘርጋና ቅርንጫፉን በእጅህ መታ መታ አድርገው። ክሽክሽ ካለ ወረቀቱ ላይ ይረግፋል። የጥድ ክሽክሽ ጎመን ላይ እንደምታየው አረንጓዴ አይደለም፤ ግራጫና ቡናማ ሆኖ ከቅርንጫፉ ልጥ ጋር ይመሳሰላል። ተጠጋግቶ የሚቀመጠውም ቀጫጭኑ ቅርንጫፍ ላይ፣ በውስጥ በኩል ነው። ስለዚህ አጥሩን ከውጭ እያየ የሚያልፍ ሰው አያገኘውም፤ ገለጥ አድርጎ ማየት ያስፈልጋል። መድረቁም ከውስጥ ጀምሮ ወደ ውጭ ይወጣል።

አትክልተኛው፦ እሱ ከሆነ ያደርቀዋል?

ባለሙያዋ፦ አዎ፣ ያደርቀዋል። ይሄ በቀላሉ የሚታይ ተባይ አይደለም። ጭማቂውን መጠጣቱ ብቻ ሳይሆን ምራቁ ራሱ ዛፉን ይመርዘዋል፤ ለዚህ ነው ከክሽክሹ ብዛት ጋር የማይመጣጠን ጉዳት የምታየው። የአፍሪካ ተወላጅም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1986 ማላዊ ውስጥ ታየ፣ በ1990 ኬንያ ገባ፣ እያለ እያለ እኛም ዘንድ ደረሰ። እዚህ አፍሪካ ውስጥ ሴቷ ያለ ወንድ ትራባለች፤ እንቁላል እንኳ ሳትጥል ልጆቿን በቁማቸው ትወልዳለች። አንዷ በነፋስ ተወስዳ አንድ አጥር ላይ ብታርፍ ይበቃል። እኔን የሚያሳስበኝ ደግሞ ከፈረንጅ ጥድ አልፎ የሐበሻውን ጥድ የሚያጠቃ መሆኑ ነው። በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር የቆመው አሮጌ ጥድ በአንድ ሰው ዕድሜ ተተክሎ የሚተካ ዛፍ አይደለም።

አትክልተኛው፦ እንግዲያው እዚህ ላይ ርጭ ይሉኛል ማለት ነው።

ባለሙያዋ፦ ወረቀቱ ላይ ካገኘኸው፣ አዎ። እኔ ርጭትን የምጠላ ሰው አይደለሁም፤ ዕድሜዬን የበላሁበት ሥራ ነው። አጥሩ ቁመቱ ሰው ልክ ከሆነ መርጫህ ይደርሳል፤ ጥድ ደግሞ የአበባ ማር የለውም፣ ንብ ማር ፍለጋ አይመጣበትም። ዛፉም የእውነት ሊሞት ነው። እነዚህ ሦስቱ ሲገጥሙ ርጭት ተገቢ ነው። ያም ሆኖ ከቀላሉ ጀምር። የውሃ ጎማውን ግፊት ጨምረህ ውስጡን እጠበው፤ ክሽክሽ አፉን ቅርንጫፍ ውስጥ ሰክቶ ስለሚኖር በኃይል ሲነቀል አፉ ይሰበራል፣ ወድቆም ተመልሶ አይወጣም። ከዚያ ለተክል ተብሎ የተዘጋጀ ሳሙና አለ። ዘይት ግን በጥድ ወገን ላይ ተጠንቀቅ፤ ከጥዶች መካከል ዘይት የማይወዱ አሉ። መጀመሪያ አንዲት ቅርንጫፍ ላይ ሞክረህ ጥቂት ቀን ጠብቅ። በዚህ ካልበረደ ለክሽክሽ ተብሎ የተመዘገበ ፀረ-ተባይ ትገዛለህ፤ በጽሑፉ መሠረት በጽሑፉ ልክ ትረጫለህ።

አትክልተኛው፦ ኬንያና ማላዊስ ያንን ሁሉ ደን በምን ረጩት?

ባለሙያዋ፦ ደን በሙሉ ተረጭቶ አይዘለቅም። የክሽክሹን ጠላት ፈለጉ። እ.ኤ.አ. በ1994 አንዲት ደቃቅ ተርብ ከአውሮፓ መጥታ ማላዊ ውስጥ ተለቀቀች። ሰው አትነድፍም። እንቁላሏን ክሽክሹ ሆድ ውስጥ ታስቀምጣለች፤ የተፈለፈለው ልጅ ውስጡን በልቶ ይጨርስና ቅርፊቱን በስቶ ይወጣል። አንተም ክሽክሽ ስትመረምር አብጦ የደረቀ፣ ቀዳዳ ያለበት ቅርፊት ካየህ ተርብ ሥራ ላይ ናት ማለት ነው። ያን ጊዜ መርጫህን መልሰህ ስቀለው። ክሽክሹን ብቻ መርጦ የሚገድል ነገር ከስንት አንድ ነው፤ ብዙዎቹ ተርቧንም አብረው ይፈጃሉ።

አትክልተኛው፦ ጥዱ ገባኝ። ወደ ቦትል ብራሹ እንምጣ። እሱም ክሽክሽ ነው እንዴ ጥላሸት ያለበሰው?

ባለሙያዋ፦ ክሽክሽ ሊሆን ይችላል፤ ስኬል የሚሉት ቅርፊታሙ ተባይም ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ጭማቂ ይጠጣሉ። የዛፍ ጭማቂ ስኳሩ ብዙ፣ ለሰውነት ግንባታ የሚሆነው ነገር ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ የሚፈልጉትን ለማግኘት ከሚችሉት በላይ ይጠጡና የተረፈውን ስኳር በስተኋላቸው ያንጠባጥባሉ። መኪናው ላይ የሚያርፈው እሱ ነው። ቅጠሉ ላይ ሲቀር ሻጋታ ይበቅልበታል፤ ጥላሸት ያልኸው ሻጋታው ነው። በጨርቅ ብትጠርገው ይለቃል፤ ከሥሩ ያለው ቅጠል ጤነኛ አረንጓዴ ነው። ግንዱን አይተኸዋል? ጉንዳን ይወጣበታል?

አትክልተኛው፦ ይወጣበታል። ተሰልፎ ነው የሚወጣው።

ባለሙያዋ፦ ያንን ስኳር ፍለጋ ነው። ጉንዳኑ ስኳሩን ስለሚወድ ተባዩን ይጠብቅለታል፤ ነጠብጣቧ ቀይ ጢንዚዛ ክሽክሽ ልትበላ ስትመጣ ያባርራታል። ስለዚህ ጉንዳኑን ግንዱ ላይ ማስቀረት የሥራውን እኩሌታ መጨረስ ነው። ግንዱን በጨርቅ ወይም በፕላስቲክ ጠምጥምና በላዩ ላይ ወፍራም ግሪስ ቀባው፤ ግሪሱ ልጡን እንዳይነካ። ግድግዳና ሽቦ ላይ ያረፈውን ቅርንጫፍ ቁረጥ፤ አለበለዚያ በዚያ ይሻገራል።

አትክልተኛው፦ ይሄ ሁሉ ጥሩ ነው፤ ሰውዬው ግን መኪናው ዛሬውኑ እንዲጸዳለት ነው የሚፈልገው። ሥር ላይ የሚደረግ፣ ወይ የሚረጭና ወደ ዛፉ ውስጥ የሚገባ መድኃኒት አለ አይደል? አንዴ አድርጌለት ዓመቱን ሙሉ ቢያርፍስ?

ባለሙያዋ፦ አለ። ስለ እሱ አንድ ነገር ልንገርህና አንተው ፍረድ። አሜሪካ፣ ኦሪገን ግዛት ውስጥ ዊልሰንቪል የምትባል ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. ሰኔ 2013 እዚያ አንድ ትልቅ መደብር የመኪና ማቆሚያ ላይ ለጌጥና ለጥላ የተተከሉ 55 ሊንደን ዛፎች ነበሩ። ሊንደን በሽታው ያው ነው፤ ክሽክሽ ይወደዋል፤ ከሥሩ የቆመ መኪና ይጣበቃል። ዛፎቹ አበባ ላይ እያሉ ዳይኖቴፉራን የሚባል ፀረ-ተባይ ተረጨባቸው። ይህ መድኃኒት አንተ እንዳልኸው ከጭማቂው ጋር በዛፉ ውስጥ ሁሉ የሚዘዋወር ነው፤ ከኒኮቲን ጋር የሚመሳሰል፣ የነፍሳትን ነርቭ የሚመታ። ቅጠሉ ውስጥ ሲደርስ አበባው ውስጥም ይደርሳል፤ የአበባው ማርና ብናኝ ውስጥ ይገባል። ባምብልቢ የሚባሉት ጠጉራም ትልልቅ ንቦች እንደ ልማዳቸው መጥተው ቀሰሙ። ሰዎች ለገበያ መኪናቸውን ሲያቆሙ አስፋልቱ በሞተና በሚንቀጠቀጥ ንብ ተሸፍኖ አገኙት። መጀመሪያ 25 ሺህ ተገመተ፤ በኋላ ከ50 ሺህ በላይ መሆኑ ተነገረ።

አትክልተኛው፦ 50 ሺህ? ከ55 ዛፍ ሥር?

ባለሙያዋ፦ አዎ። ሌላ ንብ እንዳይመጣ ዛፎቹን አንድ በአንድ በመረብ ሸፈኗቸው፤ ሌላ ማድረግ የሚቻል ነገር አልነበረም፤ ዛፍ ውስጥ የገባ መርዝ አይታጠብም። ቆይቶ በ2015 የግዛቱ ግብርና መሥሪያ ቤት ይህንና መሰሎቹን ሦስት መድኃኒቶች በሊንደን ላይ መጠቀምን ጨርሶ ከለከለ፤ አበባ ኖረ አልኖረ፣ ተረጨ በሥር ተሰጠ፣ ልዩነት የለውም።

አትክልተኛው፦ መድኃኒቱ ላይ ማስጠንቀቂያ አልነበረም?

ባለሙያዋ፦ ነበረ እንጂ። ንብ እየቀሰመው ባለ አበባ ላይ አትርጩ ይላል። ጽሑፉ ተጣሰ። እኔን ግን ሁልጊዜ የሚቆጨኝ ከዚያ በፊት ያለው ጥያቄ ነው። እነዚያ ዛፎች ሊሞቱ ነበር? አልነበሩም። ክሽክሽ ትልቅ ሊንደንን አይገድልም። ፍሬ አይለቀምባቸውም፣ ሰብል አይጠፋም፣ የሚራብ ገበሬ የለም። የጎደለው የመኪና ንጽሕና ብቻ ነበር። በመኪና ላይ ለወረደ ጣፋጭ ውሃ ያ ሁሉ ነፍስ አለቀ። ይሄን የምነግርህ የጌጥ ዛፍ ላይ የምትሠራ ሰው ስለሆንህ ነው። ገበሬ ጤፉን ወይ ባቄላውን ሲረጭ በአንድ በኩል የልጆቹ እንጀራ አለ፤ ይመዝናል። ጌጥ ላይ በዚያኛው ሚዛን ያለው የእኛ ዓይን ነው። ዓይናችን ጥቂት የተበሳሳ ቅጠል፣ ጥቂት ጥላሸት መታገሥ ይችላል። ንቧ ግን መርዙን መታገሥ አትችልም።

አትክልተኛው፦ ቦትል ብራሽም ንብ ይወደዋል ብለው ነው?

ባለሙያዋ፦ አበባ ላይ ሲሆን ከሥሩ ቁምና አዳምጥ። በዚህ ከተማ እንደ ቦትል ብራሽና እንደ ግራቪሊያ ንብ የሚሰበሰብበት የጌጥ ዛፍ ብዙ አይደለም። ንብ ደግሞ 3 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ርቃ ትቀስማለች፤ አንተ በሰውዬው ግቢ የረጨኸውን ከከተማው ዳር ያለ የአንድ ገበሬ ቀፎ ይቀበለዋል። አገራችን በማር ምርት ከአፍሪካ ግንባር ቀደም ናት፤ ሆለታ ላይ የንብ ምርምር ማዕከል አቋቁመን እየለፋን፣ በሌላ በኩል ለመኪና ጣሪያ ብለን አበባ ላይ መርዝ መርጨት ልቤን ያሳዝነዋል። አውሮፓ ኅብረት ከእነዚህ መድኃኒቶች ሦስቱን ከቤት ውጭ እንዳይረጩ በ2018 ያገደው በዚሁ በንብ ምክንያት ነው።

አትክልተኛው፦ እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እኔም የራሴን ልናገር። ደንበኛ ገንዘብ የሚከፍለው ሥራ ሲያይ ነው። መርጫ አዝዬ፣ ጭንብል አድርጌ ሲያየኝ «እየሠራ ነው» ይላል። ወረቀት ዘርግቼ ቅርንጫፍ ስመታ ቢያየኝ ምን ይላል? እኔ እምቢ ብል ነገ ሌላው ይመጣና ይረጭለታል። ለዚህ ነው ብዙዎቻችን በየሁለት ሳምንቱ፣ ተባይ ኖረም አልኖረ፣ የምንረጨው። ክፍያው በዚያ ስለሚቆጠር።

ባለሙያዋ፦ ይቅርታ የሚያስጠይቅ አይደለም፤ እውነትህን ነው፤ የኑሮ ጉዳይ ነው። ግን በየሁለት ሳምንቱ የሚረጭ ሰው ለራሱ ሥራ እየፈጠረ መሆኑን ልብ በል፤ ለደንበኛው ግን መከራ ነው። እንዴት ካልኸኝ፣ ኒው ዮርክ ከተማ ብሩክሊን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1996 ከእስያ የመጣ፣ ግንድ የሚበላ ረጃጅም ቀንድ ያለው ጢንዚዛ ተገኘ። የከተማው ዛፍ ሊያልቅ ነው ተብሎ በብዙ ሺህ ዛፍ ላይ ኢሚዳክሎፕሪድ የሚባል ፀረ-ተባይ ተደረገ፤ ሴንትራል ፓርክ ያሉት ኤልም የሚባሉ ዛፎችም ተሰጣቸው። ምክንያቱ ትልቅ ነበር፤ አልነቅፈውም። ነገር ግን በታከሙት ኤልሞች ላይ ቀይ ሸረሪት ፈላ፤ ቅጠላቸው ነጣ፣ ደረቀ። ተመራማሪዎች በ2011 ያሳተሙት ጥናት እንደሚያሳየው መድኃኒቱ ቀይ ሸረሪቱን የሚበሉትን ነፍሳት ጎዳ፤ ቀይ ሸረሪቷ ራሷ ደግሞ በታከመው ቅጠል ላይ እንቁላሏ በዛ። አንተም ጽጌረዳ ላይ አይተኸው ይሆናል፤ በማላታይን ደጋግመህ ትረጫለህ፣ ክሽክሹ ይጠፋል፣ ቅጠሉ ሥር ጥቃቅን ድር ይመጣል።

አትክልተኛው፦ አይቻለሁ። እኔ መድኃኒቱ የተበላሸ መስሎኝ ነበር፤ ስለዚህ መጠኑን ከፍ እናደርገዋለን።

ባለሙያዋ፦ መጠኑን ከፍ ስታደርግ የቀሩትን ጢንዚዛዎችም ትጨርሳለህ። ካሊፎርኒያን ስማ። እ.ኤ.አ. በ1868 ገደማ ከአውስትራሊያ በመጣ ግራር ላይ፣ ለጌጥ የመጣ ዛፍ ነው፣ ነጭ ጥጥ የመሰለ ከረጢት የሚሸከም ስኬል ገባ። ከግራሩ ወደ ብርቱካኑ ተዛመተና ገበሬው እርሻውን ነቅሎ ሊተው ደረሰ። በ1888 አልበርት ኮብሌ የሚባል ባለሙያ አውስትራሊያ ሄዶ ያንን ስኬል የምትበላ ትንሽ ቀይና ጥቁር ጢንዚዛ ፈልጎ ላከ። ጥቂት መቶዎች ነበሩ የተላኩት። ዛፍ ላይ ድንኳን ተክለው አራቧቸው፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ስኬሉ ችግር መሆኑ ቀረ። ለሃምሳ ዓመት ያህል ማንም አላስታወሰውም። ከዚያ በ1940ዎቹ ዲዲቲ መጣና ለሌላ ተባይ ተብሎ ብርቱካኑ ላይ ተረጨ። ጢንዚዛዋ ሞተች፤ ስኬሉ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ተመልሶ ዛፉን አለበሰው። ዲዲቲውን ቀንሰው ጢንዚዛዋን መልሰው እስኪያመጡ ድረስ አልሄደም።

አትክልተኛው፦ ታዲያ ዲዲቲ ያኔ ጉዳቱ አይታወቅም ነበር።

ባለሙያዋ፦ አብዛኛው ሰው አያውቅም ነበር፤ ያሳወቀውም በከፊል የጌጥ ዛፍ ነው። ሚሺጋን ውስጥ፣ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ግቢና በከተማው ውስጥ መንገዱን የሚያለብሱ ትልልቅ ኤልሞች ነበሩ። ጢንዚዛ የሚያስተላልፈው የፈንገስ በሽታ እየገደላቸው ስለነበረ ከ1954 ጀምሮ ዲዲቲ ተረጨባቸው። ቅጠሉ ረገፈ፣ የምድር ትል በላው፣ ሮቢን የምትባለው ወፍ ትሉን በላች። በጸደይ የመጡት ወፎች እየተንቀጠቀጡ ወደቁ። ሬቸል ካርሰን በ1962 ባወጣችው መጽሐፍ ይህን ታሪክ ጻፈችው፤ አሜሪካ ዲዲቲን ለእርሻ እንዳይውል የከለከለችው በ1972 ነው። ልብ በል፣ ያ ርጭት መኪና ለማጽዳት አልነበረም፤ የሚወደድ ዛፍ በእውነት እየሞተ ነበር። ቅን ዓላማ ይዞ እንኳ መርዙ ከቅጠሉ ወዴት እንደሚሄድ ያልጠየቀ ሰው ወፍ ይገድላል።

አትክልተኛው፦ እሺ፤ ወደ ደንበኛዬ ልመለስና፣ ክፍያውን ምን ላድርገው?

ባለሙያዋ፦ ክፍያውን ለማየት አድርገው። በወር አንዴ ሄደህ እያንዳንዱን ዛፍ ታያለህ፣ ወረቀት ትዘረጋለህ፣ ያየኸውን ደብተር ላይ ትጽፋለህ፣ ለሰውዬው ታሳየዋለህ። ከዚህ በፊት በርጭት ያወጣውን ወጪ አስላለት። ሰው ተባዩን በዓይኑ ወረቀት ላይ ሲያየው ሥራህን ያከብራል፤ ማንም አላሳየውም እንጂ። ካልተቀበለህም አበባ ላይ ያለ ዛፍ አልረጭም በል። በሌላው ትደራደራለህ፤ በዚህ አትደራደር።

አትክልተኛው፦ ስኬል ከሆነስ? ቅርፊቱን ብረጨው አይሞትም ይባላል።

ባለሙያዋ፦ ትክክል ነው። ጎልማሳው ስኬል ቅርፊቱ ሥር ተደብቆ ስለሚቀመጥ የምትረጨው ከላዩ ያልፋል። የሚገኘው ሲፈለፈል ነው፤ ያኔ እግር አለው፣ ቅርፊት የለውም፣ አቧራ የመሰለ ብጫ ነጥብ ሆኖ ቅርንጫፉ ላይ ይሄዳል። በሁለቱም በኩል የሚይዝ ፕላስተር ቅርንጫፉ ላይ ጠምጥምና በየጥቂት ቀኑ እየው፤ እነዚያ ነጥቦች ከተጣበቁበት ለተክል የተዘጋጀውን ዘይት የምትረጭበት ቀን እሱ ነው። ዘይቱ መተንፈሻውን ይደፍነዋል። አበባ ካለ ግን ይቆይ፤ ፀሐይ በበረታበት ሰዓት፣ ውሃ የጠማው ዛፍ ላይም አይረጭም፤ ቅጠሉን ያቃጥላል። ከዚያ ቀን ውጭ የረጨኸው ሁሉ ከንቱ ነው።

አትክልተኛው፦ ርጭቱ የግድ ሲሆን፣ እኛ የምንሳሳተው የቱ ላይ ነው?

ባለሙያዋ፦ ከመግዛቱ ይጀምራል። በሃይላንድ ተቀድቶ የሚሸጥ መድኃኒት አትግዛ፤ ምን እንደሆነ፣ ስንት እንደሚበጠበጥ አታውቅም፤ ውሃ መስሎት ልጅ ቢጠጣው ደግሞ ሐኪሙ እንኳ ምን እንደሚያክም አያውቅም። የፀረ-ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ፣ ቁጥር 674/2002፣ የወጣው ያልተመዘገበና ጽሑፍ የሌለው ነገር እንዳይሸጥ ነው። ዋናውን ዕቃ ስትገዛ ከጽሑፉ ግርጌ ያለውን ቀለም እይ፤ ቀይ እጅግ አደገኛ ነው፣ ቢጫ ይከተላል፣ ከዚያ ሰማያዊ፣ ከዚያ አረንጓዴ። ለመኖሪያ ግቢ ቀይ ይዘህ እንዳትገባ። አረንጓዴውንም ጓንትና ጭንብል ሳታደርግ አትንካው።

አትክልተኛው፦ አበጣበጡስ?

ባለሙያዋ፦ መጀመሪያ መርጫውን በንጹሕ ውሃ ብቻ ሞልተህ አጥሩን እንደምትረጨው አድርገህ ርጨው። ስንት ሊትር ፈጀ? ያንን ልክ ብቻ አዘጋጅ። ባለ 16 ሊትሩን ሁልጊዜ ሞልቶ የሚበጠብጥ ሰው የተረፈውን የት ይደፋዋል? ቦይ ውስጥ ነው፤ ቦዩ ደግሞ ወንዝ ይገባል፣ ከወንዙ ዳር ሰላጣ ይጠጣበታል። ሁለተኛ፣ ተባዩ የሚቀመጠው ቅጠሉ ሥር ነው፤ አብዛኞቻችሁ ላዩን ታጥቡና ትሄዳላችሁ። የመርጫውን አፍ ወደ ላይ አዙረህ ከሥር ርጨው። ጠብታው እንደ ጉም እንዲሆንም አታድርግ፤ ደቃቁ ጠብታ ነው ጎረቤት የሚገባው። ማለዳ፣ ነፋስ ሳይነሣ፣ ንብ ሳትወጣ ሥራ። ጎረቤቱን ከመርጨትህ በፊት ንገር፤ የተሰጣ ልብስ ይነሣ፣ የውሻው ውሃ ይደፋ። ከአጥሩ ሥር የተተከለ ጎመን ካለ ወይ ሸፍነው ወይ አትርጭ። ብዙ ቤት የጓሮ ጎመኑ ጥዱ ሥር ነው ያለው፤ ሰውም በማግሥቱ ቀንጥሶ ይበላዋል።

አትክልተኛው፦ ረጅም ዛፍ ሲሆን መሰላል ላይ ወጥተን ነው የምንረጨው።

ባለሙያዋ፦ እሱን ተው። በጀርባ መርጫ ከራስህ በላይ የወረወርኸው ተመልሶ ፊትህ ላይ ነው የሚወርደው፤ ዛፉ ጫፍም አይደርስም። ረጅም ዛፍ የሚረጭበት ሌላ መሣሪያና የሠለጠነ ሰው አለ፤ ከሌለ ደግሞ የታመመውን ቅርንጫፍ መቁረጥ ይሻላል። ባዶውን ጠርሙስ ሦስት ጊዜ አለቅልቀህ፣ እጣቢውን መርጫው ውስጥ ጨምረህ አጥሩ ላይ ጨርሰው፤ ከዚያ ጠርሙሱን ብሳው። ካልበሳኸው አንዲት እናት ዘይት ትቀዳበታለች።

አትክልተኛው፦ እንግዲህ ለቦትል ብራሹ ምን ብዬ ልንገረው? አሁን አበባ ላይ ነው።

ባለሙያዋ፦ አሁን የሚረጭ ነገር የለም ብለህ ንገረው። ዛሬ ጉንዳኑን ከግንዱ ታስቀርለታለህ። አበባው እንዳለፈ ወዲያው ከአበባው ኋላ ያለውን ጫፍ ትቆርጥለታለህ፤ የሚቆረጥበት ትክክለኛ ጊዜው ያ ነው፤ የተጨናነቀውን ውስጡንም ታሳሳለህ። ቅጠሉን በውሃ ታጥብለታለህ፤ ጥላሸቱ ተባዩ ከቀነሰ ቀስ እያለ ይለቃል፤ አዲሱ ቅጠል ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። መኪናውን እስከዚያ ወዲያ ማዶ ያቁመው።

አትክልተኛው፦ መኪናህን አዙር ልበለው?

ባለሙያዋ፦ አዎ፣ እንደዚያ በለው። ሁለት እርምጃ ቢያዞረው ችግሩ አለቀ። የዛፉን መትከያ ቦታ የመረጠው ሰው ነው፤ ዛፉ መኪናው ላይ አልመጣበትም። ለወደፊቱም አዲስ ግቢ ስታቅድ መኪና ማቆሚያ አጠገብ ቦትል ብራሽ አትትከል።

አትክልተኛው፦ እሺ። ቅዳሜ ማለዳ ሄጄ ጥዱን በወረቀት አየዋለሁ። ውሻ እንዳላቸውም እጠይቃለሁ። የሆነ ነገር ከረገፈ ይዤልዎ እመጣለሁ፤ ክሽክሹ እሱ መሆኑን ሳያረጋግጡልኝ አልረጭም።

ባለሙያዋ፦ በወረቀት ጠቅልለህ እንዳታመጣው፤ ይሰባበራል። ከፋርማሲ አልኮል ግዛና በትንሽ ጠርሙስ ውስጥ አስገባው። ክንፍ ያለውም የሌለውም ካለ ሁለቱንም፤ ከተቀመጠበት ቅርንጫፍ ጋርም አንዲት ቁራጭ ለብቻ አምጣልኝ። ጠርሙሱ ላይ ቀኑንና ሰፈሩን ጻፍበት።